የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት አመራር በድርጅቶች ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ሲስተም ለማስገባት የተነሡ ድርጅቶች ኃላፊዎችና የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ከዕለት ተዕለቱ የአይቲ ሥራ በምን ይለያል?

ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በጀት የተመደበለት፣ የሚጠበቅበት ውጤትም ተለይቶ የታወቀ ሥራ ነው። ኮምፒውተር መጠገን፣ ኔትወርክ መከታተል፣ የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሠራተኛ አዲስ መስጠት መደበኛ ሥራ ነው፤ የሒሳብ መዝገብን ከኤክሴል አውጥቶ ወደ ኢአርፒ (የሒሳብ፣ የንብረትና የሰው ኃይል ሥራን በአንድ የሚያያይዝ ሲስተም) ማስገባት፣ የባንክን ኮር ባንኪንግ (የደንበኞች ሒሳብ የሚያዝበትን ዋና ሲስተም) መቀየር፣ ወይም ደንበኞች በስልካቸው የሚገለገሉበትን መተግበሪያ ማሠራት ግን ፕሮጀክት ነው። መደበኛ ሥራ ያለውን አሠራር ያስቀጥላል፤ ፕሮጀክት የሰዎችን የሥራ ልማድ፣ የፊርማና የማጽደቅ ሥልጣን፣ አንዳንዴም የሥራ መደቦችን ጭምር ይለውጣል። ኃላፊዎች ይህን ሳያጤኑ ጉዳዩን እንደ ተራ የዕቃ ግዢ ለግዢ ክፍልና ለአይቲ ክፍል ሲተዉት ችግሩ ገና ከጅምሩ ይተከላል።

ፕሮጀክቱን መምራት ያለበት የአይቲ ክፍል ነው ወይስ ሲስተሙን የሚጠቀምበት የሥራ ክፍል?

ባለቤቱ ሲስተሙን የሚጠቀምበት የሥራ ክፍል መሆን አለበት። የሒሳብ ሲስተም ከሆነ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የንብረት ሲስተም ከሆነ የንብረት አስተዳደር ኃላፊው በስሙ የሚጠየቅበት ሥራ ይሁን፤ የአይቲ ክፍሉ ሙያዊውን ሥራ ይሠራል፣ ያማክራል፣ ይቆጣጠራል። ከእነርሱ በላይ ደግሞ በጀት የመልቀቅና በክፍሎች መካከል የሚነሣን አለመግባባት የመቁረጥ ሥልጣን ያለው አንድ የበላይ አመራር፣ ብዙ ጊዜ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ በስፖንሰርነት ይመደባል።

አንዲት ትንሽ ጥያቄ የዚህን አስፈላጊነት ታሳያለች። የንብረት ሲስተም የሚሠራው ፕሮግራመር «ከመጋዘን ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ እንደገና መዝገብ ላይ እንዲገባ የሚያጸድቀው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጋዘን ሠራተኛው ወደ ክፍል ኃላፊው ይመራዋል፤ ክፍል ኃላፊው ጉዳዩ ፋይናንስን ይመለከታል ይላል፤ ፋይናንስ ደግሞ በደብዳቤ ይጠየቅልን ይላል። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሳምንታት ያልፋሉ፤ ፕሮግራመሩም ቀነ ገደቡ ስለደረሰበት የመሰለውን ይሠራል። ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር ተመላሽ ዕቃ ገቢ የሚሆነው በዋና ሥራ አስኪያጁ ማጽደቂያ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ዕቃው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይከመራል፤ «ሲስተሙ አይሠራም» የሚለው ወሬም ድርጅቱን ያዳርሳል። በየፕሮጀክቱ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ የአመራር ሥራ ማለት በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ስቲሪንግ ኮሚቴ (ፕሮጀክቱን ከበላይ የሚመራ የኃላፊዎች ኮሚቴ) ካቋቋምን አይበቃም?

አይበቃም። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አቅጣጫ ለመስጠትና በጀት ለመገምገም ይጠቅማል፤ በየዕለቱ ለሚነሡ ጥያቄዎች ግን አይደርስም። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው ሊያጸድቀው የሚገባው ሰነድ የትኛው ውሳኔ በማን እንደሚሰጥና በስንት ቀን ካልተሰጠ ወደ ማን እንደሚያልፍ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ነው። ይህ ገጽ የሌለው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ከማብዛት አያልፍም።

የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ፕሮግራም መጻፍ መቻል አለበት?

የግድ አይደለም፤ ነገር ግን ባለሙያ «ሦስት ሳምንት ይፈጃል» ሲለው ለምን ብሎ ጠይቆ መልሱን መረዳት መቻል አለበት። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው የድርጅቱን ሥራ ጠንቅቆ ማወቅ፣ የተባለውን በጽሑፍ ማስፈርና ኃላፊዎችን ሳይፈራ መጠየቅ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመርን በሹመት መልክ ሥራ አስኪያጅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ድርጅቱ በአንድ ጊዜ ጥሩ ፕሮግራመር የሚያጣውና ያልሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በአጃይል እንሥራ ወይስ በዋተርፎል?

ዋተርፎል የሚባለው አሠራር ፍላጎትን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጽፎ፣ ከዚያ ንድፉን፣ ከዚያ ግንባታውን፣ በመጨረሻም ፍተሻውን በተራ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ የሚገርመው ሮይስ ራሱ በዚያው ጽሑፍ ፍተሻን ወደ መጨረሻ የሚያቆይ አሠራር አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። አጃይል በበኩሉ በየካቲት 2001 (እ.ኤ.አ.) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ ላይ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ስሙን ያገኘ ሲሆን፣ ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ በየዙሩ የሚሠራ ነገር ለተጠቃሚው ማሳየትን ይመርጣል።

በተግባር ምርጫውን የሚወስነው የግዢ ሥርዓቱ ነው። ጨረታ የወጣበት ሥራ ዝርዝሩና ዋጋው አስቀድሞ ስለሚታሰር «እየሠራን እናያለን» ማለት ከኦዲተር ጋር ያጋጫል። መውጫው ውሉን በምዕራፍ መክፈል ነው፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ ፍላጎት ማጥናትና የሚነካ ናሙና ማቅረብ፣ ተከታዮቹ ደግሞ በየሞጁሉ (በየሲስተሙ ክፍል) ሠርቶ ማስረከብ ይሆናሉ፤ በየምዕራፉ ውስጥ ሥራው በአጫጭር ዙሮች ይካሄዳል። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ስክሪን ለመጋዘን ሠራተኛው ወይም ለገንዘብ ያዧ የማያሳይ ቡድን ግን፣ ስሙን ምንም ቢለው፣ አጃይል እየሠራ አይደለም።

ዝግጁ ሶፍትዌር እንግዛ ወይስ አገር ውስጥ እናሠራ?

የሒሳብ፣ የደመወዝና የንብረት ሥራ በየድርጅቱ ስለሚመሳሰል ዝግጁ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ድርጅቱን ከሌላው የሚለየው ሥራ ላይ ግን ማሠራት ይሻላል። ዝግጁ ሶፍትዌር ሲመረጥ በኢትዮጵያ ሁኔታ መፈተሽ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመት ያውቃል? ጳጉሜንን ያስተናግዳል? የጡረታ መዋጮን፣ ማለትም የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ፣ ለይቶ ያሰላል? በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ የግብር ምጣኔውን የደመወዝ ክፍል ሠራተኛው ራሱ ከማስተካከያ ገጽ የሚቀይርበት ሲስተም ያለው ድርጅት ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ምጣኔው በኮዱ ውስጥ የተቀበረበት ግን አቅራቢውን መለመን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የውጭ ምንዛሪ ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር በብር ሲተመን ዋጋው የቆመ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በብር የተያዘ የፈቃድ በጀት የነበራቸው ክፍሎች በአንድ ክረምት ግማሽ ያህሉን የመግዛት አቅም አጡ። ስለዚህ የአምስት ዓመቱ ጠቅላላ ወጪ በዶላር ተሰልቶ ለቦርድ ይቅረብ፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ከአቅራቢው ጋር በሚገባው ውል ውስጥ የትኞቹ ነጥቦች መዘንጋት የለባቸውም?

ክፍያ ከቀን ሳይሆን ከርክክብ ጋር ይያያዝ፤ ርክክቡም «ተጭኗል» በሚል ሳይሆን የድርጅቱ ሠራተኞች በራሳቸው ዳታ ሠርተው ባረጋገጡት የፍተሻ ዝርዝር ይፈጸም። ዳታው የድርጅቱ ንብረት መሆኑና ውሉ ሲቋረጥ በሚነበብ መልክ ተመላሽ እንደሚሆን ይጻፍ። ተሠርቶ የሚቀርብ ሶፍትዌር ከሆነ ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ የጻፉት የፕሮግራሙ ጽሑፍ) የማን እንደሆነ፣ የጥገና ጥሪ በስንት ሰዓት ምላሽ እንደሚያገኝ፣ ከአቅራቢው ወገን የተመደቡት ቁልፍ ባለሙያዎች ያለ ስምምነት እንደማይቀየሩ ይካተት። በጨረታ ሰነዱ ላይ የሥራ ልምዳቸው የቀረበው ከፍተኛ ባለሙያዎች ውሉ ከተፈረመ በኋላ በጀማሪዎች ሲተኩ ማየት የተለመደ ነው።

ይሁን እንጂ ጠንካራ ውል የደንበኛውን ድክመት አይሸፍንም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) አዲስ የደመወዝ ሲስተም ሲያስጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ደመወዛቸው ተዛብቶ ወይም ሳይከፈላቸው ቀርቷል፤ ሲስተሙን ለመዘርጋትና ለማስኬድ የሚወጣው ወጪ 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ እንደሚደርስ ተገምቷል። በ2013 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት አቅራቢውን ብቻ አልወቀሰም፤ ግዛቱ ራሱ የሚፈልገውን ለይቶ አለማሳወቁን አንሥቷል።

ፕሮጀክቱ ዘግይቷል። ሰው ብንጨምርበት ይደርሳል?

ብዙ ጊዜ ይብስበታል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር አምራቹን የአይቢኤምን የሲስተም 360 ኮምፒውተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰው ሲጨመርበት ይበልጥ እንደሚዘገይ ከዚያ ልምዱ ተነሥቶ ጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲስ የመጡት ሥራውን እስኪለምዱ ነባሮቹ ማስተማር አለባቸው፣ በሰዎች መካከል የሚኖረው ንግግርም ይበዛል። 5 ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር 10 መስመር ይበቃቸዋል፤ 10 ሰዎች ሲሆኑ 45 ያስፈልጋል። የሚሻለው ለመጀመሪያው ቀን የግድ ያልሆኑ ሞጁሎችን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ማሻገር ነው፤ ለዚህ ደግሞ «የእኔ ክፍል ይቆይ» የሚል ኃላፊ ስለማይገኝ ስፖንሰሩ ራሱ ቆርጦ መወሰን ይኖርበታል።

ነባሩን መረጃ ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወር ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል?

ነባሩ መረጃ ሰዎች ለሰዎች የጻፉት ስለሆነ ነው። የደንበኞች መዝገብ ሲከፈት አንዷ ደንበኛ በአንድ ቅርንጫፍ «ፀሐይ ኃይሉ»፣ በሌላው «ጸሀይ ሀይሉ»፣ በሦስተኛው «ፀሃይ ሐይሉ» ተብላ ትገኛለች። አንባቢ ሦስቱም አንድ እንደሆኑ ወዲያው ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ደንበኞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ የአጻጻፉ ዓይነት ከዚህም ይበዛል። የኢትዮጵያ ስም የቤተሰብ ስም ስለሌለው የውጭ ሶፍትዌር «የመጨረሻ ስም» ብሎ በሚጠይቀው ቦታ ላይ አንዱ ጸሐፊ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ያስገባል። ስለዚህ ከማዛወሩ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ተመሳሳይ ስሞችን የሚያወጣ መፈለጊያ መሠራት አለበት፤ የተገኙት ጥንዶች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ግን ደንበኞቹን የሚያውቅ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ነው። የፋይዳ ቁጥር ያላቸው ደንበኞች ሲበዙ ይህ ሥራ ይቀልላል።

ቀኖች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። «1980» ተብሎ የተመዘገበ የልደት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ባለቤቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል ወይም ያንሳል፤ ይህም የጡረታ መውጫውን ያዛባል። ጳጉሜን 3 የተቀጠረ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ቅጽ ላይ ቦታ ስላልነበረው ጸሐፊዋ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብላ መዝግባው ይሆናል። የተረኛ ጥበቃ መዝገብ ላይ «2 ሰዓት» የሚለው ጠዋት ይሁን ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚያጠራ ሥራ በፕሮጀክት ዕቅድ ላይ ብዙ ጊዜ «ዳታ ማይግሬሽን፦ 2 ሳምንት» ተብሎ በአንድ መስመር ይቀመጣል። በእኔ ግምት በዕቅዱ ላይ ከሚገኙት መስመሮች ሁሉ እንደዚህ ያለ ባዶ ተስፋ የለም። የማጥራቱ ሥራ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በነባሩ መዝገብ ላይ ሊጀመር ይችላል፤ አቅራቢ መጠበቅ አያስፈልገውም።

በአንድ ሌሊት ሁሉንም እንቀይር ወይስ በደረጃ?

ከተቻለ በደረጃ፣ መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ወይም በአንድ ሞጁል ቢሆን ይመረጣል። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) 5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑት ሒሳባቸውን መክፈት አቅቷቸዋል፤ ችግሩ ለወራት ቆይቷል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለቅቀዋል። ተቆጣጣሪዎቹ በታኅሣሥ 2022 በባንኩ ላይ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጥለዋል። በገለልተኛ አካል የተደረገው ምርመራ ካወጣቸው ነጥቦች አንዱ ለአመራር ትልቅ ትምህርት ይሆናል፦ የማጠናቀቂያው ቀን አስቀድሞ ተወስኖ ዕቅዱ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ተሠርቷል፤ ቦርዱም ለምን እንዲህ እንደሆነ በበቂ ሁኔታ አልጠየቀም።

ሙሉ ለውጥ ቀርቶ ተራ የሚባል ማሻሻያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በማሻሻያና በፍተሻ ሥራ ወቅት በተፈጠረ ክፍተት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረግና ማዛወር ችለው ነበር፤ ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቆ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደክሟል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ መመለስ አለባቸው፦ ወደ ነበረበት የምንመለሰው እንዴት ነው? የመመለስ ውሳኔ የሚሰጠው ማነው? በሌሊት ስልኩን የሚያነሣው የትኛው ኃላፊ ነው? ለውጡን በበዓል ዋዜማ፣ በደመወዝ መክፈያ ሳምንት ወይም በሰኔ መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ላይ ማድረግም አይመከርም።

ሠራተኞች አዲሱን ሲስተም አንጠቀምም ቢሉ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። አንዳንዱ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ይሰጋል፤ ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት የበላይ አመራሩ እንጂ አሠልጣኙ አይደለም። ብዙዎቹ ግን ተገቢ ቅሬታ አላቸው፦ በወረቀት አንድ ፊርማ ይበቃው የነበረ ጉዳይ አሁን አምስት ስክሪን ይጠይቃል፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ወረፋው ይቆማል። ቅሬታው ካልተፈታ በሲስተሙም በወረቀትም የመመዝገብ ልማድ ይመጣል፤ ኃላፊው ራሱ በወረቀት የመጣ ሪፖርት እየፈረመ «ሲስተሙን ተጠቀሙ» ቢል ደግሞ የሚሰማው አያገኝም።

ሪፖርቱ ሁልጊዜ «በዕቅዱ መሠረት» እያለ መጨረሻ ላይ ለምን ይፈርሳል?

መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ሲወጣ እየለሰለሰ ስለሚሄድ ነው። ፕሮግራመሩ «አይሠራም» ያለውን የቡድን መሪው «ጥቂት ችግሮች ይቀሩታል» ይለዋል፤ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ «በመጠናቀቅ ላይ ነው» ብሎ ያስተላልፈዋል፤ ቦርዱ ዘንድ ሲደርስ «90 በመቶ» ሆኗል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር አለቃን ማስቀየም ቀላል ባይሆንም ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጥቅምት 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን ሊያጠናቅቁበት የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ የወጡ ሰነዶች ያሳያሉ፤ ሥራው አደጋ ላይ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጥናት ግን ድረ ገጹ ከመከፈቱ ወራት አስቀድሞ ለባለሥልጣናት ቀርቦ ነበር።

ድረ ገጹን ያስተካከለው ቡድን በዕለት ሁለት ጊዜ እየተሰበሰበ፣ በስብሰባውም ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ሳይሆን ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቀው ሰው እንዲናገር ደንብ አውጥቶ ሠርቷል፤ በኅዳር መጨረሻም አብዛኛው ተጠቃሚ መመዝገብ ችሏል። በእኛም ድርጅቶች ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው፦ ኃላፊው በመቶኛ የተሞላ ሪፖርት መቀበሉን ትቶ «የተሠራውን አሳዩኝ» ይበል፤ ችግር ቀድሞ ያመጣውን ሰው በስብሰባ ፊት አይቆጣ። አንድ ጊዜ የተቆጣ ኃላፊ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መልካም ዜና ብቻ ነው።

ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ፕሮጀክት ማቆም የሚገባው መቼ ነው?

የወጣው ገንዘብ ቢቀጥሉም ቢያቆሙም አይመለስም፤ መታየት ያለበት ለመጨረስ የሚቀረው ወጪና ሲያልቅ የሚሰጠው ጥቅም ነው። ስፖንሰሩ ድርጅቱን ከለቀቀና የሚተካው ከሌለ፣ የፍላጎት ዝርዝሩ ለሦስተኛ ጊዜ ከሥሩ ከተቀየረ፣ ወይም ሲስተሙ የሚፈታው ችግር በሌላ መንገድ ከተፈታ ማቆምን በግልጽ አጀንዳ አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ቢቢሲ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጀመረውን የዲጂታል ሚዲያ ፕሮጀክት በግንቦት 2013 ሲዘጋ 98.4 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯል፤ ከዚያ በኋላ የቀረበበት ዋና ጥያቄ ለምን ዘጋህ ሳይሆን ለምን ይህን ያህል ቆየህ የሚል ነበር።

ማቆም ማለት ፍላጎቱን መተው ማለት ላይሆን ይችላል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የምርመራ መዝገቦቹን የሚይዝበትን ሶፍትዌር 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካወጣበት በኋላ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ጣለው፤ በቀጣዩ ዓመት ሴንቲኔል በሚል ስም እንደገና ጀመረ፤ እርሱም ሲጓተት በ2010 ሥራውን ከዋናው ተቋራጭ ወስዶ በአነስተኛ የውስጥ ቡድን፣ በአጃይል አሠራር አስቀጠለው፤ ሐምሌ 2012 ላይም ሥራ አስጀመረው። ፕሮጀክት ሲቆም የጸዳው ዳታ፣ የተጻፈው የፍላጎት ዝርዝርና የተገዛው ሰርቨር ለማን እንደሚተላለፍ፣ የዶላር ፈቃዱ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደማይታደስ፣ ቡድኑም ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመደብ በዚያው የማቆሚያ ውሳኔ ላይ ይጻፍ።